የሰርቪስ ቤቱ ሳጥን

ቦሌ ውስጥ ሰርቪስ ቤት የተከራየ ሰው ሁለት ነገር ነው የሚከራየው፤ ክፍሉንና ክፍሉ ውስጥ የተቀመጠውን የሰው ዕቃ። ሩዋንዳ የሚባለው ሰፈር ካለ አሮጌ ቪላ ጓሮ አንዲት ክፍል ስይዝ፣ አከራዬ እትዬ ቁልፉን ከመስጠታቸው በፊት በጣታቸው አንድ ጥግ አሳዩኝና «ያን እንዳትነካው፤ የሰው ነው» አሉኝ። ጥግ የተባለው የክፍሉ ሲሶ ይሆናል። አንድ እግሩ ጡብ ላይ የቆመ ኮሞዲኖ፣ ቀበቶው የተበጠሰ ሲንጀር የልብስ ስፌት መኪና፣ ማዞሪያው የወለቀ ፊሊፕስ ራዲዮ፣ የተጠቀለለ ምንጣፍ፣ ከሁሉም ሥር ደግሞ በጓጉንቸር የተቆለፈ አረንጓዴ የብረት ሳጥን። ከኪራዩም ሲሶው ይቀነስልኝ እንደሆን በትሕትና ጠየቅኩ።

«ዕቃው ምን በላህ?» አሉኝ።

በልቶኝስ አልበላኝም። ዝም ብዬ ገባሁ።

የማን እንደሆነ ስጠይቅ መልሳቸው «የቀድሞዎቹ» የሚል ነው። አዲስ አበባ ውስጥ «የቀድሞዎቹ» ሲባል አንድ ቤተሰብ ማለት እንዳልሆነ የገባኝ ቆይቶ ነው። የግቢው ሠራተኛ ደግሞ የሰው ዕቃ ጸበል ሳይረጭ እንደማይከፈት፣ ምን እንደተቋጠረበት እንደማይታወቅ መከረችኝ። ሳጥኑን አልነካሁም። የኮሞዲኖው መሳቢያ ግን እግሩን ላስተካክል ስል ራሱ ተከፈተ። (ለእትዬም የነገርኳቸው እንደዚህ ነው።)

ውስጡ ቢጫ በሆነ አዲስ ዘመን ጋዜጣ የተጠቀለሉ የሻይ ማንኪያዎች ነበሩ። ጫፋቸው ክብ፣ እጀታቸው አጭር፣ እጀታው ላይ የአየር መንገድ ምልክት የታተመባቸው። እዚህ ሰፈር የአየር መንገድ ማንኪያ ማግኘት ጣና ዳር ዓሣ እንደማግኘት ነው፤ ማንም አይደነቅም። ሰፈሩ ራሱ የመጣው በአውሮፕላን ነው ማለት ይቻላል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ወደ ካይሮ የመጀመሪያ በረራውን ሲያደርግ መነሻው ልደታ ነበር። በ1955 ቦይንግ 720 የተባሉት ጄቶች ሲመጡ የልደታ ሜዳ አጠራቸው፤ መንደርደሪያው ወደ ቦሌ ተሻገረ። በዚያው ዓመት ግንቦት የአፍሪካ መሪዎች አዲስ አበባ ተሰበሰቡ። መንገድ ሲወጣ ቪላ ተከተለ፤ ከቪላዎቹ ውስጥ የአብራሪው፣ የሜካኒኩና የሆስተሷ ድርሻ ጥቂት አይደለም። እትዬ ቤቱን የገዙትም ከጡረተኛ ሜካኒክ ነው። ሰውየው ማንኪያውን ከጥቅማጥቅሙ እንደ አንዱ ይቆጥረው እንደነበር ሲነግሩኝ ፊታቸው ላይ ትንሽም ወቀሳ አላየሁም።

ሲንጀሩና ምንጣፉ ግን የሜካኒኩም አይደሉም። እሱም ሲገባ እዚያው ነው ያገኛቸው። እዚህ ላይ ነው ነገሩ ወደ ሐምሌ 1967 የሚመለሰው። አዋጅ ቁጥር 47 የከተማን ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት አደረገ፤ ለአንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት ተባለ። ኪራዩ እስከ 100 ብር የሆነው ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ ያለው ለኪራይ ቤቶች ገባ። ስለ አዋጁ ብዙ ተጽፏል፤ ስለ ቁም ሳጥኑ ግን ማንም አልጻፈም። ሁለት ቤት የነበረው ሰው አንዱን መርጦ ሲቀር፣ የተወረሰው ቤቱ እንጂ ቁም ሳጥኑ አልነበረም። የሁለት ሳሎን ዕቃ አንድ ሳሎን ውስጥ አይገባም። ሰርቪስ ቤት፣ ጋራዥ፣ የአክስት ግቢ ሁሉ በዕቃ ተሞላ። «ጊዜው ሲያልፍ እንወስደዋለን» የተባለለት ዕቃ ስንት ጊዜ አለፈበት! በእትዬ ግምት ሲንጀሩ ካዛንቺስ ትርፍ ቤቷ የተወረሰባት የአንዲት እመቤት ነው። በእሳቸው ግምት ልብስ ሰፊ ነበረች፤ በእኔ ግምት መኪናው አንድም ቀን ያልሰፋ፣ ለጥሎሽ የተሰጠ ነው፤ መርገጫው ላይ ቀለሙ እንዳለ ነውና።

ጠዋት ጠዋት በግቢው በር «ቆራሌው!» እያለ የሚያልፍ ልጅ አለ። አንድ ቀን እትዬ ቤተ ክርስቲያን ሄደው ሳለ አስገባሁት። ራዲዮውን አገላብጦ አየ፣ ሲንጀሩን በእግሩ ነካ፣ ሳጥኑ ላይ ጎንበስ አለ። ለብረቱ በኪሎ፣ ለራዲዮው በቁጥር ዋጋ ሰጠኝ። መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ ሲደርስ የራዲዮው አንጀት ለሌላ ራዲዮ፣ ቆርቆሮው ለከሰል ምድጃ እንደሚሆን ያስረዳበት አኳኋን የቀዶ ሐኪም ነው የሚመስለው። ልንስማማ ስንል እትዬ ነጠላቸውን እንዳጣፉ ከተፍ አሉ። ልጁን አልተቆጡም፤ ሻይ አጠጥተው ሸኙት። እኔን ግን ሳጥኑ ዘንድ ወሰዱኝ።

ሳጥኑ የሜካኒኩም የእመቤቲቱም አይደለም፤ የአጥር ጎረቤት ነው። ግንቦት 1990 የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት ከተጀመረ በኋላ ኤርትራውያን ናችሁ ተብለው ከአገር እንዲወጡ ከተደረጉት፣ ወደ 75 ሺህ ከሚገመቱት ሰዎች መካከል የዚያ ቤት ቤተሰብ ይገኝበታል። ሴትየዋ በሌሊት ሳጥኑን በአጥር ላይ አቀበለቻቸው። በጥድፊያው ቁልፉ በቦርሳዋ ቀረ። ቤታቸው በውክልና ተሸጠ፤ የገዛው ለሌላ ሸጠ፤ አሁን ፎቅ ሆኗል። ቁልፉ አስመራ፣ ሳጥኑ ቦሌ።

ጓጉንቸሩን ልብ ብዬ አየሁት። ሳጥኑ ጠርዝ ጠርዙን ዝጎ ሳለ ጓጉንቸሩ ያብረቀርቃል። እትዬ በየዓመቱ ጳጉሜን ቤት ሲያጸዱ ዘይት ይቀቡታል፤ ባለቤቷ ስትመጣ እንዳያስቸግራት። ሐምሌ 11 ቀን 2010 ከቦሌ ወደ አስመራ አውሮፕላን እንደገና ሲነሳ ጳጉሜንን አልጠበቁም፤ በዚያው ቀን ቀቡት። በ2016 ነሐሴ ማብቂያ ላይ በረራው መልሶ ሲቋረጥም ቀቡት። መስበር ይቻል እንደነበር ጠቆም ባደርግ፣ «የሰው አደራ በመዶሻ?» ብለው አፈሩልኝ።

ከዚያ ወዲህ ስለ ሲሶው አንስቼ አላውቅም። እንዲያውም ሜካኒኩ የተወውን ዕቃ እትዬ የሚያዩበት ዓይን ለየት ያለ መሆኑን አወቅሁ፤ የአደራውን አይነኩም፣ የተረሳውን ግን ይጠቀሙበታል። ወር በገባ በ27 የመድኃኔዓለም ማኅበር ሲደርሳቸው እነዚያ ማንኪያዎች ታጥበው ከሻዩ ጋር ይቀርባሉ።

ባለፈው ማኅበር አንዲት ጡረተኛ ሆስተስ አጠገቤ ተቀምጠው ነበር። ስኳሩን ሊያማስሉ ማንኪያውን አነሱ፤ መነጽራቸውን አደረጉ፤ እጀታውን ወደ ብርሃኑ አዞሩ።

«እቴ! ይሄንን እኮ ከእያንዳንዱ በረራ በኋላ ቆጥረን አስረክበናል። በጎደለ ቁጥር ስንት ሪፖርት ጽፌያለሁ!»

«ይኸው ተገኘልሽ፤ ወስደሽ አስረክቢያ» አሉ እትዬ።

«አሁን ማን ይፈርምልኛል?» አሉና ሴትየዋ ሁለተኛ ስኳር ጨመሩ።