ለቀረ ሰው ማን ይመልሳል?

መስከረም ከጠባ በኋላ መርካቶን ያየ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። ዓመቱን ሙሉ ክፍት የኖረው ሱቅ ይቆለፋል፤ ሊስትሮው ሣጥኑን ለጎረቤት አደራ ይሰጣል፤ አውቶቡሱ ስኳርና ሳሙና፥ ብርድ ልብስና ነጠላ ይጫንበታል። ጉራጌ ለመስቀል አገሩ ይገባል። አያቶቻችን በ1950ዎቹ ዓ.ም. ከኪሳቸው አዋጥተው መንገድ ማሠራታቸው ለንግድና ለሕክምና ነው ይባላል፤ እኛ ግን ለዚህች ሳምንትም ጭምር ይመስለናል።

እኛም ተማሪዎቹ አምስት ሆነን ተጨናንቀን እንሄዳለን። ስለ ክትፎው ብዙ ስለ ተባለ እንለፈው። (ቅቤውን ሴቶቹ በውጆ ተራ እየተቀባበሉ ሲያጠራቅሙ መክረማቸውን የሚያስታውስ በላተኛ ግን ጥቂት ነው።) የምንናገረው ስለ ዘፈኑ ነው።

የጉራጌን ዘፈን ከተማ የሚያውቀው በእግሩ ነው። በልጅነቱ ጫማ ጠርጎ ያደገው ማሕሙድ አሕመድ ሲያዜመው አዳራሹ ብድግ ይል ነበር፤ ሠርግም ያለ እርሱ አይደምቅም። ይህን አንንቅም፤ እኛም ስንቱን ሠርግ አድምቀናል። ነገር ግን ጀፎረ በሚባለው ሰፊ የመንደር ሣር ላይ የሚሰማው ዘፈን ሌላ ሥራ አለው። እዚያ ዘፈን መጠያየቂያ ነው። አውራጇ ታወጣለች፤ ክቡ በጭብጨባ ይቀበላል። የማን ልጅ ገባ? ምን ይዞ ገባ? አምና አብሮን ያጨበጨበ ዘንድሮ ከአፈር በታች የሆነ ማን ነው? ስሙ የተጠራ ሰው ዝም ማለት አይፈቀድለትም፤ በግጥም፥ አለዚያም በእልልታ ይመልሳል። በሶዶ ክስታኔ አገርም ከመስቀል በኋላ አዳብና አለ፤ ጎረምሳና ኮረዳ አጊጠው ወጥተው እየዘፈኑና እየጨፈሩ የሚተያዩበት ነው።

ባለፈው መስቀል አንዱ ጓደኛችን ስልኩን አውጥቶ ሊቀዳ ሲል፥ አውራጇ እናት ስሙን ከነአባቱ ጠሩና «የያዝኸው ዕቃ ይመልስልኛል ወይ?» ሲሉ በዜማ ጠየቁት። ክቡ ሳቀ። ስልኩን ለእኛ ሰጥቶ ገባ፤ ግጥሙ ቤት ባይመታም ተጨበጨበለት። ከዚያ ተራው ለቀሩት ሆነ። አረብ አገር ያሉ ሁለት እኅትማማቾች ተጠሩ። ማን ይመልስላቸው? እናታቸው ከክቡ ጠርዝ ቀጠን ባለ ድምፅ መለሱ። ጭብጨባው ቀዝቀዝ አለ እንጂ አልቆመም።

በ2006 ዓ.ም. ዩኔስኮ የመስቀልን በዓል ከዓለም ቅርሶች ጋር መዝግቦታል፤ ደስ ብሎናል። መዝገብ ግን ስም ሲጠራ አቤት አይልም። ከተማ የተወለዱት ታናናሾቻችን ቋንቋውን ስለማያውቁት ከዳር ቆመው ያጨበጭባሉ፤ ሲጠሩም እናታቸውን ያያሉ። ዳር የሚቆመው ከዓመት ዓመት እየበዛ፥ የሚመልሰው እያነሰ ነው።

ስለዚህ እኛ አምስታችን ቅዳሜ ማታ በመኝታ ክፍላችን መልስ መግጠም ጀምረናል፤ ታናናሾቻችንንም እንጠራለን። ጎረቤቶቻችን ስለ ጭብጨባው ሁለት ጊዜ ከሰውናል። እስካሁን ሰባት ግጥም አለን፤ አምስቱ ስለ ክትፎ ነው።