ክኒኑን በራስሽ እንዳታቆሚ

ይድረስ ለውዷ እናቴ፤

  የላክሽልኝ ፎቶ ደርሶኛል። «ፊቴ ድፎ ዳቦ አክሏል፤ ይሄን ክኒን ከነገ ጀምሮ አልነካውም» ማለትሽንም ሰማሁ። በእናትሽ፣ እንዳታደርጊው!

ያሳበጠሽ ፕሬድኒሶሎኑ ነው፤ እሱስ ልክ ነሽ። ግን ስሚኝ። ከኩላሊት በላይ ያሉ ሁለት ትንንሽ ዕጢዎች ኮርቲሶል የሚባል ሆርሞን ያመነጫሉ። ሕመምና ድንጋጤ ሲመጣ ሰውነት የሚቋቋመው በእሱ ነው። ክኒኑ ያንኑ ሥራ ሲሠራላቸው ዕጢዎቹ ሥራ ይፈታሉ። አንቺ ወራት ስለወሰድሽው፣ በድንገት ብትተዪው ቶሎ አይነቁልሽም። መዛል፣ ማስመለስ፣ የግፊት መውረድ ይከተላል፤ ሲብስም ይገድላል። ስለዚህ ሐኪሙ ቀስ በቀስ ይቀንስልሽ። መጠኑ ሲቀንስ ፊትሽም ይመለሳል።

ደግሞ ውለታውን አንርሳ፤ ጣቶችሽ ተቆልፈው ሊጥ ማቡካት አቅቶሽ አልነበር? በፈረንጆቹ 1948 አሜሪካ ውስጥ የክኒንሽን ዘመድ ኮርቲዞንን የተወጋች ሴትም ያንቺው ዓይነት የመገጣጠሚያ በሽታ ነበረባት፤ በቀናት ውስጥ ተነሥታ ሄደች። ግኝቱ በ1950 ኖቤል አሸለመ። ጣጣው የታወቀውም ወዲያው ነው።

እኔን ከፊትሽ ይልቅ የሚያሳስበኝ የማይታየው ነው። ስኳርና ግፊት ይጨምራል፣ አጥንት ያሳሳል፣ የዓይን ሞራ ያመጣል። ተደብቆ የተኛ ቲቢም ሊቀሰቅስ ይችላል። አባዬ ቲቢ ታክሞ እንደነበር ለሐኪሙ ንገሪው፤ ሳል ከጀመረሽም አትጠብቂ።

በጾም ደግሞ ጠዋት በባዶ ሆድ ውጠሽው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ትቆያለሽ አሉ። ክኒኑ የሚወሰደው ጠዋት፣ ከምግብ ጋር ነው። የንስሐ አባትሽን አማክሪያቸው፤ ለታማሚ የሚሉትን አንቺም ታውቂዋለሽ። ዲክሎፌናክ የሚባለውን ማስታገሻ ከላዩ የምትጨምሪ ከሆነ ደግሞ ተዪው፤ ሁለቱ አንድ ላይ ጨጓራ ያደማሉ። ፕሬድኒሶሎኑንም ለጎረቤታችን እንዳታካፍያት፤ ለወገቧ ብላ ብትለምንሽ እንኳ ስኳሯን ያንረዋል።

ቅዳሜ ወንድሜ ሐኪም ቤት ይወስድሻል። ስኳርሽንና ግፊትሽን ተለኪ፤ የክኒኑንም እሽግ ይዘሽ ሂጂ። ከእንግዲህ የትም ብትታከሚ፣ ጥርስ ለማስነቀል እንኳ ቢሆን፣ አስቀድመሽ «ፕሬድኒሶሎን እወስዳለሁ» በያቸው።

የምትወድሽ ልጅሽ