ከቡሬ እስከ ፈረስ ቤት በባለ ቀለም መስተዋት

በ2012 ዓ.ም. በታኅሣሥ ወር ከቡሬ ተነሥተን በፍኖተ ሰላምና በደንበጫ በኩል እስከ ፈረስ ቤት በተጓዝን ጊዜ፥ ከስንቃችን ጋር የያዝነው ሥዕሉን ወዲያው የምትሰጠውን የፎቶግራፍ መኪና፥ ሁለት ዓይነት ፊልምና አራት ባለ ቀለም መስተዋት ነበር። አሳባችንም አንዱን አገር በብጫ፥ በቀይ፥ በአረንጓዴና በሰማያዊ መስተዋት እየጋረድን ፊልሙ ምን መልክ እንደሚመልስልን ለመመርመር ነው። ስለ አገሩም ስለ ጥበቡም ያገኘነውን ለዚህ ገጽ አንባቢዎች እነሆ እንጽፋለን።

ይህን ጥበብ ያወጣው ኤድዊን ላንድ የተባለ አሜሪካዊ ነው፤ ከዚህ በታች የውጭውን ነገር ስንናገር ዘመኑን በፈረንጆች አቆጣጠር እናደርገዋለን። በ1943 የሦስት ዓመት ልጁ «የተነሣሁትን ሥዕል አሁኑኑ ለምን አላይም» ብላ ብትጠይቀው ነገሩን ማሰብ ጀመረ ይባላል፤ በ1947 ለሊቃውንት አሳየ፤ በ1948 መጨረሻ በቦስተን ከተማ ለገበያ ቀረበ። የመጀመሪያው ፊልም መልኩ ቡናማ ነበር፤ ባለ ኅብረ ቀለሙ በ1963 መጣ፤ ከመኪናይቱ አፍ ወጥቶ በዓይን ፊት የሚገለጠው ደግሞ በ1972 ነው። ፖላሮይድ የተባለው ኩባንያ በ2008 ፊልም መሥራቱን ቢተው፥ ጥቂት ሰዎች በሆላንድ አገር በኤንስኬዴ የነበረውን የመጨረሻውን ፋብሪካ ይዘው ሥራውን እንደ ገና አቆሙት። የሥራው ምሥጢር በወረቀቱ ጠርዝ ባለች ትንሽ ከረጢት ነው፤ ወረቀቱ በሁለት ተሽከርካሪ ዘንጎች መካከል ተጨምቆ ሲወጣ ከረጢቲቱ ትፈነዳለች፥ መድኃኒቱም በውስጡ ይሰራጫል። የጨለማው ክፍልና የአጣቢው ድካም ሁሉ በዚያች ስስ ወረቀት ውስጥ ያልቃል። ነገር ግን ሥዕሉ አንድ ብቻ ነው፤ ሌላ ቅጂ የሚወጣበት ነጋቲቭ አይቀርም። ለመፈተኛ ያጠፋነው ወረቀት ለሰው ልንሰጠው የምንችለው ወረቀት ነው ማለት ነው፤ ይህም በመንገዳችን ሁሉ ሲያሳስበን ቆየ።

ቡሬ የበርበሬ አገር ነው። በርበሬው ተለቅሞ ሲሰጣ ደጃፉ ሁሉ ይቀላል። ጥቁርና ነጩን ፊልም አግብተን አስቀድመን ያለ መስተዋት ብናነሣ፥ የተሰጣው በርበሬና ከአጠገቡ ያለው የጓሮ ጎመን አንድ ዓይነት ግራጫ ሆነው ወጡ፤ ባለቤቲቱም አይተው «የጤፍ ነዶ ነው እንዴ?» ብለው ሳቁብን። ቀዩን መስተዋት ብንጋርድበት በርበሬው እንደ ተፈተገ ገብስ ነጣ፤ አረንጓዴውን ብንጋርድበት እንደ ከሰል ጠቆረ፥ ጎመኑም ፈካ። ምክንያቱ ባለ ቀለም መስተዋት የራሱን መልክ ብርሃን አሳልፎ ተቃራኒውን ስለሚከለክል ነው፤ ብርሃን የደረሰበት በሥዕል ይነጣል፥ ብርሃን የቀረበት ይጠቁራል።

ይህን ሊሞክር የሚወድ ሰው አንድ ነገር ይወቅ። በመኪናይቱ ፊት ሥዕል ከሚገባበት ዓይን ሌላ ብርሃን የምትመዝን ትንሽ ዓይን አለች። መስተዋቱ ትልቁን ዓይን ብቻ የጋረደ እንደ ሆነ፥ ትንሿ ዓይን የብርሃኑን መጕደል አታውቅምና ሥዕሉ ጨልሞ ይወጣል፤ ስለዚህ ሁለቱንም በአንድ ዓይነት መስተዋት መጋረድ ይገባል። ብጫው ከተለመደው ብርሃን እጥፍ ያህል ይፈልጋል፥ ደማቁ ቀይ ግን ስምንት እጥፍ ያህል፤ በቀይ መስተዋት ማንሣት የቀትር ፀሐይ ሲኖር ነው። መስተዋት ያላገኘ ሰውም አይዘን፤ እኛ በፍኖተ ሰላም ከአንድ ሱቅ በገዛነው የከረሜላ መጠቅለያ ሞክረን ደኅና ሆኖልናል፥ ከረሜላውንም ሕፃናት በልተውታል።

በፍኖተ ሰላም ባለ ኅብረ ቀለሙን ፊልም አገባን። በዚህ ፊልም ላይ ደማቅ መስተዋት መጋረድ እኛ አንወደውም፤ ቀዩ ሁሉን ቀይ፥ ሰማያዊው ቀትሩን የጨረቃ ሌሊት ያደርገዋል እንጂ ምንም የሚያስተምረው የለም። ይልቁንም አገሩ ራሱ እንደ መስተዋት ሲሠራ አየን። ይህ ፊልም ከ13 እስከ 28 ዲግሪ ባለው ሙቀት መልካም ይሠራል፤ ሙቀት ሲበዛበት ወደ ብጫና ወደ ቀይ፥ ብርድ ሲበዛበት ወደ ሰማያዊ ያደላል። በፍኖተ ሰላም በቀትር ያነሣነው ማር የተቀባ መሰለ፤ በማግሥቱ በፈረስ ቤት በማለዳ ያነሣነው ደግሞ ሰማያዊ ሆኖ ገረጣ። ወይና ደጋንና ደጋን በዓይን ለማየት እነዚህን ሁለት ወረቀቶች ጎን ለጎን ማኖር ይበቃል። ለፈረስ ቤት ብርድ ስስ ብጫ መስተዋት ጋርደን ወረቀቱን ከልብሳችን ውስጥ ብናሞቀው፥ መልኩ ወደ እውነተኛው ተመለሰ።

ፈረስ ቤት የደጋ ዳሞት ከተማ ናት፤ ገብስና ድንች የሚበቅልባት፥ ጋቢ ከትከሻ የማይወርድባት አገር ናት። ሰማዩ እንደ ደጋ ሰማይ ጥልቅ ሰማያዊ ነው። ጥቁርና ነጩን ፊልም በብጫ መስተዋት ብናነሣበት ሰማዩ ጠቆር ብሎ የገብሱ ክምርና የሰው ጋቢ ጎልተው ወጡ፤ ከሁሉ ያማረው ይህ ነው። ቀዩ ግን ሰማዩን ሌሊት አስመሰለው፤ አንዱንም ዳማ ፈረስ ወደ አምባላይ አቀረበው። ባለ ፈረሱ ይህን አይቶ «ፈረሴን ለወጣችሁብኝ» ሲል፥ ቀልድም ቅሬታም ነበረበት።

በፈረስ ላይ እንዲህ ያለው ጨዋታ ይፈቀድ ይሆናል፤ በሰው ፊት ላይ ግን ነገሩ ይከብዳል። ቀዩ መስተዋት የጠይም ሰውን ፊት ያነጣል፥ ሰማያዊው ያጠቁረዋል፥ የፊቱንም መሥመር ያጎላል። ሥዕል በሰው ላይ ሥልጣን እንዳለው ይህችው መኪና መስክራለች፤ በደቡብ አፍሪካ የዘር መለያየት ዘመን ለጥቁሮች የማለፊያ ደብተር የሚሆነው ሥዕል በፖላሮይድ ይነሣ ነበርና፥ በ1970 ካሮላይን ሃንተርና ኬን ዊሊያምስ የተባሉ ሁለት የኩባንያው ሠራተኞች ተቃውሞ አስነሡ፤ ኩባንያውም በ1977 ከዚያ አገር ወጣ። በእኛም አገር በ1868 ወደ መቅደላ የወጣው የእንግሊዝ ጦር ፎቶግራፍ አንሺዎች ነበሩት፤ ያነሡትም ሥዕል ከእነርሱ ጋር ባሕር ተሻገረ።

ከከተማው ወጣ ብሎ በአንድ አውድማ ገብስ የሚያበራዩ ሽማግሌ፥ ልናነሣቸው ብንለምናቸው አስቀድመው የጠየቁን ይህንኑ ነው፤ «ልጆቼ፥ ብዙ መንገደኛ አንሥቶን ሄደ፤ ያየነው ግን የለም። ይህስ ከማን ዘንድ ይቀራል?» አሉ። «ከእርስዎ ዘንድ ነው፥ አባባ» ብለን አንዱን በጥቁርና ነጩ ፊልም በብጫ መስተዋት፥ ሁለተኛውን በባለ ኅብረ ቀለሙ ያለ ምንም መስተዋት አነሣናቸው። ባለ ኅብረ ቀለሙ ተገልጦ እስኪያልቅ ሩብ ሰዓት ያህል ይፈጃልና፥ ብርድ እንዳያገኘው ከጋቢያቸው በታች በብብታቸው ይዘውት ቆዩ፤ በሬዎቹንም በአንድ እጃቸው ይነዱ ነበር።

ሁለቱም በወጡ ጊዜ ሽማግሌው ጥቁርና ነጩን ብዙ ተመለከቱና «ይህስ እኔ አይደለሁም፤ አባቴ ነው» አሉ። አባታቸው ሥዕል ሳይነሡ የሞቱ ናቸው። ባለቤታቸው ግን ባለ ኅብረ ቀለሙን ነጥቀው «እርሱ ይኸውልህ፤ ጋቢው እንኳ እድፉ ይታያል» አሉና ወደ ቤት ይዘውት ገቡ። ሽማግሌው ዳዊት ደጋሚ ናቸውና የቀረውን ከዳዊታቸው ቅጠል መካከል አኖሩት። እኛም ሥዕሎቹን ፀሐይና ጢስ እንዳያገኛቸው ነግረን፥ በመኪናይቱ የቀሩትን ሦስት ወረቀቶች ያለ መስተዋት ለጎረቤቶቻቸው አንሥተን ሰጥተን፥ ሳይመሽ ወደ ደንበጫ ወረድን።