ዋስ የሚጠራው ለማን ነው?

«ዋስ ጥራ» በአገራችን ሙግት የቆየ ቃል ነው። እኛ ከሮቢት የመጣን ዕጩ መምህራን ይህን ቃል የሰማነው ፊደል ሳንቆጥር ነው። ሁለት ሰዎች ሲካሰሱ ሽማግሌ ዋስ አስጠርቶ ቀጠሮ ይሰጣል፤ ዋስ የጠራውም ቀጠሮው እስኪደርስ ወደ ሥራው ይሄዳል። ነገሩ ቀላል ይመስላል እንጂ ቀላል አይደለም። ማሽላ ደርሶ ወፍ በሚጠበቅበት ሰሞን አንድ ገበሬ ሳይፈረድበት ሁለት ሳምንት ታስሮ ቢከርም፣ በኋላ «ነፃ ነህ» መባሉ ምን ይጠቅመዋል? እህሉን ማን ይመልስለታል?

ሕገ መንግሥቱ ይህንኑ በአንቀጽ 19 ጽፎታል። የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት፤ በዋስ የመፈታትም መብት አለው። ሕግ በሚደነግጋቸው ልዩ ሁኔታዎች ግን ፍርድ ቤት ዋስትናውን ሊከለክል ይችላል። ነገ ይህን የምናስተምረው እኛ ነን። አንዱ ተማሪ እጁን አውጥቶ «ቲቸር፣ ሌባም ዋስ አለው እንዴ?» ቢለን ምን እንመልሳለን?

ለመልሱ የሚረዳ አንድ ጉዳይ አለ። በ1993 ዓ.ም.፣ ሕወሓት ለሁለት በተከፈለበት ወቅት፣ የቀድሞው የመከላከያ ሚኒስትር አቶ ስዬ አብርሃ በሙስና ተጠርጥረው ታሰሩ። ጉዳዩን ያዩት የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ዳኛ ወይዘሪት ብርቱካን ሚደቅሳ በዋስ እንዲፈቱ አዘዙ። አቶ ስዬ ግን ከፍርድ ቤት እንደወጡ ወዲያው እንደገና ተያዙ። በዚያው ሰሞን ፓርላማው በሙስና የተያዘ ሰው በዋስ እንዳይለቀቅ የሚከለክል አዋጅ አወጣ። አቶ ስዬ ከእስር የወጡት በ1999 ዓ.ም. ነው።

ታዲያ የዳኛዋ ትእዛዝ ምን ፈየደ? የሚል ይኖራል። እውነት ነው፣ ሰውየውን ቤታቸው አላደረሳቸውም። አዋጁን የደገፉትም ያለ ምክንያት አልተናገሩም። ሙስና የድሃን ጉሮሮ የሚዘጋ ወንጀል ነው፤ ባለሥልጣን የነበረ ሰው ከተለቀቀም ሰነድ ሊያጠፋ፣ ምስክር ሊያስፈራራ ይችላል። ነገር ግን ልብ እንበል! ሕገ መንግሥቱ ዋስትናን «ፍርድ ቤት» ሊከለክል ይችላል ነው ያለው። ይህ ሰው ያጠፋል ወይስ አያጠፋም ብሎ መመዘን የዳኛ ሥራ ነው። ሁሉን በጅምላ የሚከለክል አዋጅ ሚዛኑን ከዳኛው እጅ ይወስዳል። በ1997 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 434 ክልከላውን አላልቶ ከባድ ቅጣት ለሚያስከትሉ የሙስና ወንጀሎች ብቻ ማድረጉ የመጀመሪያው ልክ እንዳለፈ ይነግረናል።

የአሜሪካኖቹም ልምድ ያስተምራል። ጠቅላይ ፍርድ ቤታቸው እ.ኤ.አ. በ1987 በሳሌርኖ ጉዳይ፣ አደገኛ የተባለን ተከሳሽ ያለ ዋስ ማቆየት ይቻላል ሲል 6 ለ3 ወሰነ። ሆኖም ያ ሕግ ዐቃቤ ሕጉ ዳኛ ፊት ቆሞ ስለዚያ አንድ ሰው አደገኛነት እንዲያስረዳ፣ ተከሳሹም እንዲከራከር ያዛል። ሌላም ልዩነት አለ። እ.ኤ.አ. በ1803 ከተሰጠው የማርበሪ ውሳኔ ጀምሮ እዚያ ፍርድ ቤት ከሕገ መንግሥቱ ጋር የሚጋጭ ሕግን ውድቅ ያደርጋል። በእኛ አገር ግን ሕገ መንግሥቱን የመተርጎም ሥልጣን የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው፤ አጣሪ ጉባኤው መርምሮ ያቀርብለታል። እንግዲህ የእኛዋ ዳኛ አዋጅ የመሻር ሥልጣን አልነበራቸውም። የነበራቸው ፊታቸው የቆመውን ሰው በሕጉ ማየት ብቻ ነው፤ እሱንም አደረጉ።

ለተማሪያችን የምንሰጠው መልስ እዚህ ላይ ነው። «ሌባ መሆኑን ማን ፈረደ?» እንበለው። አንቀጽ 20 ተከሳሽ እስኪፈረድበት ድረስ እንደ ንጹሕ ይቆጠራል ይላል። መብት የሚፈተነው ለምንወደው ሰው ሲጠየቅ አይደለም፤ ለዚያማ ሁላችንም ዋስ እንሆናለን። የሚፈተነው ብዙዎች «ይበለው!» ላሉት ሰው ሲጠየቅ ነው። ትናንት ሚኒስትር ለነበረ ሰው ያልሆነ ዋስትና፣ ዘመድ ለሌለው ገበሬ እንዴት ይሆናል?

ስለዚህ ወንድሞችና እህቶች፣ ክፍል ስንገባ አንቀጽ 19ን በቃል አስሸምድደን ብቻ አንውጣ። ጉዳዩን እንንገራቸው፤ ይከራከሩበት፤ ይፍረዱ። «በሕግ አምላክ!» ሲባል ቆም የሚል ትውልድ የሚወጣው ከዚያ ነው።