ብስክሌትና ጭራሮ በእንጦጦ ጫካ

ሳምንቱን ሙሉ ከሥራ ወደ ቤት፣ ከቤት ወደ ገበያ ስትመላለሱ ሰንብታችሁ እሑድ ሲደርስ ልጆቻችሁ «ዛሬ ወዴት እንሂድ?» ብለው ሲጠይቋችሁ ምን ትመልሱላቸዋላችሁ? በአዲስ አበባ የምንኖር ሰዎች ቀና ባልን ቁጥር የምናየው፣ ነገር ግን ብዙዎቻችን እምብዛም የማንረግጠው ቦታ አለ። ይኸውም በስተ ሰሜን ከተማይቱን እንደ ግድግዳ ከልሎ የቆመው የእንጦጦ ተራራ ነው። በዛሬው ጽሑፋችን ተራራውን በብስክሌት እንዴት መጎብኘት እንደሚቻል፣ በዚያውም ጫካውን ሰንጥቀው የሚያልፉት ጠባብ መንገዶች የማን እግር ሥራ እንደ ሆኑ እናጫውታችኋለን።

በመጀመሪያ ስለ ብስክሌቱ ጥቂት እንበል። የተራራ ብስክሌት የሚባለው ከተለመደው የአስፋልት ብስክሌት የተለየ ነው። ጎማው ሰፊና ጥርስ ያለው፣ ፍሬኑ ጠንካራ፣ ማርሹም ዳገትን ቀስ ብሎ ለመውጣት የሚያስችል ነው። ይህ ዓይነቱ ስፖርት የተስፋፋው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ዓመታት በአሜሪካ፣ በካሊፎርኒያ ክፍለ ግዛት፣ ወጣቶች አሮጌ ብስክሌቶችን እየጠጋገኑ በተራራ የአፈር መንገድ ላይ ቁልቁል መንዳት ከጀመሩ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 በአትላንታ በተደረገው ኦሊምፒክ ደግሞ ለመጀመሪያ ጊዜ የውድድር ዓይነት ሆኖ ሲቀርብ ወንዶችም ሴቶችም ተካፍለውበታል። እንግዲህ «ብስክሌት የወንድ ልጅ ጨዋታ ነው» እያልን ሴቶች ልጆቻችንን በር ላይ የምናስቀምጥበት ምክንያት የለንም ማለት ነው።

ወደ እንጦጦ ለመሄድ ከአራት ኪሎ በስድስት ኪሎ አድርጎ ሽሮ ሜዳ መድረስ ነው። የሸማና የጥልፍ ሱቆቹን እንዳለፋችሁ ጠመዝማዛው ዳገት ይጀምራል። የከተማይቱ መካከል ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ሲሆን የእንጦጦ አናት ከ3,000 ሜትር ይበልጣል። በዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ልብ ቶሎ ይመታል፣ ትንፋሽም ያጥራል። ስለዚህ ለጀማሪ የሚሻለው ዳገቱን በመኪና ወጥቶ መንዳቱን ከላይ መጀመር ነው። መስከረም 30 ቀን 2013 ዓ.ም. የተመረቀው የእንጦጦ ፓርክም ለብስክሌት የተዘጋጁ መንገዶች ስላሉት ከልጆች ጋር ለሚሄድ ሰው አመቺ ነው።

ከእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ቆማችሁ ወደ ደቡብ ብትመለከቱ ከተማይቱ በሙሉ ከእግራችሁ ሥር ተዘርግታ ትታያለች። ፊታችሁን ወደ ሰሜን ስትመልሱ ግን ሌላ አገር ነው። ጫካው ሳሳ እያለ ሄዶ ሰፊው የሱሉልታ ሜዳ ይጀምራል። በክረምት ውሃ የሚተኛበት፣ በጥቅምት ሣሩ ለምልሞ ከብቶችና ፈረሶች የሚሰማሩበት፣ ነፋሱ ፊት የሚገርፍበት ገላጣ ደጋ ነው። ይህ የተራራ ጫፍ ውሃን ለሁለት የሚከፍል መሆኑንም ለልጆቻችሁ ንገሯቸው። በከተማው በኩል የሚወርደው ዝናብ በአቃቂ ወንዝ በኩል ወደ አዋሽ ይሄዳል፤ በሱሉልታ በኩል የሚወርደው ደግሞ በሙገር በኩል ዓባይን ይቀላቀላል። በብስክሌት ጫፍ ጫፉን የሚሄድ ሰው አንዱን ወንዝ በቀኙ፣ ሌላውን በግራው አድርጎ ይጓዛል ማለት ነው።

ጫካው በአብዛኛው ባሕር ዛፍ ነው። ዘመናት ያስቆጠረ ቢመስልም ከዚያ በፊት የነበረው ጽድና ወይራ ነበር። አፄ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ በእንጦጦ ከትመው በነበሩበት ዘመን፣ በኋላም በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከተቈረቈረች ወዲህ የሕዝቡ ቍጥር እየበዛ ሲሄድ የአካባቢው ዛፍ ለቤት መሥሪያና ለማገዶ እየተቈረጠ ተመናመነ። የእንጨት እጥረቱ ዋና ከተማውን ወደ ሌላ ሥፍራ ለማዛወር እስከ መታሰብ አድርሶ ነበር። ችግሩን ያቃለለው በዚያው ዘመን ከአውስትራሊያ የመጣው ዛፍ ነው። ቶሎ ያድጋል፤ ተቈርጦም ከጉቶው እንደ ገና ያቈጠቍጣል። ከባሕር ማዶ በመምጣቱም ስሙ ባሕር ዛፍ ሆነ።

ዛፉ ግን በራሱ እግር ወደ ከተማ አልወረደም። ለብዙ ዘመን የአዲስ አበባ ምጣድ የሰማው ከእንጦጦ በወረደ ቅጠልና ጭራሮ ነው። ያንን ሸክም በጀርባቸው ያወረዱት ደግሞ በብዛት ሴቶች ናቸው። ገና ሳይነጋ ወጥተው፣ ቅጠሉን ጠርገው፣ ጭራሮውን ለቅመው፣ በገመድ ጠፍረው ይሸከሙታል። ክብደቱ ብዙ ጊዜ ከ30 ኪሎ ግራም ያልፋል። እንግዲህ ዛሬ በብስክሌት የምንዝናናባቸው ጠባብ መንገዶች ብዙዎቹ በመሐንዲስ የተቀየሱ አይደሉም። በባዶ እግርና በላስቲክ ጫማ፣ በዚያው መሥመር በየቀኑ ሲረገጡ የተፈጠሩ ናቸው። ለዚህም ነው ዳገቱን ቀጥ ብለው ሳይሆን ጐን ለጐን እየተጠማዘዙ የሚወርዱት፤ ሸክም ያጐበጠው ሰው ቀጥ ያለ ቁልቁለት አይወርድምና።

ዛሬ በብዙ ቤት የኤሌክትሪክ ምጣድ ገብቷል። ሆኖም ጭራሮ ተሸካሚዎቹ ከመንገዱ ፈጽመው አልጠፉም። በጥቅምት ወር አንድ ቅዳሜ ማለዳ በጫካው ውስጥ ብስክሌቴን እየገፋሁ ስወጣ አንዲት እናት ሸክማቸውን ከመንገዱ ዳር ካለው የአፈር ግድግዳ ላይ አስደግፈው ቆመው አገኘኋቸው። ከጀርባቸው አላወረዱትም፤ አንዴ መሬት ከነካ ያለ ረዳት መልሶ መነሣት አይሆንላቸውምና። «እንደምን አደሩ እናቴ?» አልኳቸው። «እግዚአብሔር ይመስገን» ካሉ በኋላ መንገዱን ወደ ላይ አይተው፣ «ቁልቁል የሚመጡ ብስክሌቶች አሉ ወይ ልጄ? ካሉ ይለፉ። እኔ አንዴ ከተነሣሁ እስከ ታች መቆሚያ የለኝም» አሉኝ።

ይህን ቃል ልብ ልንለው ይገባል። ብስክሌት የያዘ ሰው በሁለት ጣቱ ፍሬኑን ጨብጦ መቆም ይችላል። ለተሸካሚዋ ግን ፍሬኗ ጉልበቷ ነው። አጐንብሳ ስለምትሄድ የምታየው እግሯ የሚያርፍበትን መሬት ብቻ ነው። ድንገት ከፊቷ ወይም ከኋላዋ ብስክሌት ቢመጣ ዘወር ለማለት ስትሞክር ሚዛኗን ስታ ትወድቃለች። ለእኛ የአንድ ደቂቃ መዘግየት የሆነው ነገር ለእርስዋ የተሰበረ እግርና ለሳምንታት የሚጠፋ የልጆች ጉርስ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ ወደ እንጦጦ ስትሄዱ የሚከተሉትን እንድትጠብቁ አደራ እንላለን። ሸክም የያዘ ሰው ስታዩ ከብስክሌት ውረዱ፤ ከመንገዱም ወጥታችሁ እስኪያልፉ ቁሙ። መታጠፊያ ላይ ስትደርሱ ፍጥነት ቀንሱ፣ ደወልም አሰሙ፤ ከመታጠፊያው ወዲያ ማን እንዳለ አይታይምና። የወደቀ የባሕር ዛፍ ቅጠልና ልጥ ሲደርቅም ሲረጥብም ያንሸራትታል፤ ቁልቁለት ላይ የፊቱን ፍሬን ብቻውን አጥብቃችሁ አትያዙ። ዝናብ በዘነበ ማግስት መንዳቱ ይቅር። በጭቃ ላይ ጎማ የሚያወጣው ፈር በሚቀጥለው ዝናብ የውሃ መውረጃ ይሆናል፤ ውሃውም አፈሩን እየጠረገ መንገዱን ወደ ቦይ ይለውጠዋል። በዚያ ቦይ ውስጥ የሚቸገረው ደግሞ በዓመት ሁለት ጊዜ የሚመጣው ብስክሌት ነጂ ሳይሆን በየቀኑ የሚመላለሰው እግረኛ ነው።

ስለ ልጆችም ጥቂት ምክር አለን። የራስ መከላከያ ቆብ ሳያደርጉ አይንዱ። ከመነሣታችሁ በፊት ፍሬኑን፣ የጎማውን አየርና ካቴናውን እናንተው ራሳችሁ ፈትሹ። ፀሐይ ብትኖርም ብርዱ ብርቱ ስለሆነ ሹራብ አትርሱ፤ ውሃና ቆሎ ያዙ። ብቻችሁን አትሂዱ። ጫካው የጅብ ቤት በመሆኑም ሳይመሽ ተመለሱ።

በመጨረሻ፣ ከእንጦጦ ስትወርዱ ሽሮ ሜዳ አካባቢ ቀድሞ እንጨት ተሸካሚ የነበሩ ሴቶች ተደራጅተው የሚሠሩበት የሽመና ቦታ እንዳለ እወቁ። በዚያ ነጠላና ፎጣ የሚሸምኑት እጆች ትናንት ገመድ ሲጠፍሩ የነበሩ ናቸው። ሸክሙን ከጀርባ የሚያወርደው ሌላ መተዳደሪያ ሲገኝ መሆኑን ሥራቸው ይመሰክራል። ለበዓል ነጠላ የምትገዙ ከሆነ ከእነርሱ ግዙ። ልጆቻችሁም ያንን መንገድ ማን እንዳወጣው ሲጠይቋችሁ የምታሳዩአቸው ሰው ይኖራችኋል።