ተነሳ ማለት ተቆለፈ ማለት አይደለም

ግቢ ውስጥ አንድ ክፍል ተከራይቶ የኖረ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነገር አለ። ቁልፉ በተከራዩ ኪስ ነው፤ አከራይዋ ግን ሁለተኛ ቁልፍ አላቸው። ጨዋ ሴት ናቸው፣ አይገቡም። ነገር ግን መግባት ይችላሉ፤ ገብተው ቢወጡም ተከራዩ የሚያውቅበት መንገድ የለውም።

ክላውድ የሚባለው ነገርም በመሠረቱ የቤት ኪራይ ነው። ባንክ ወይም ሆስፒታል መረጃውን በሌላ ሰው ሰርቨር ላይ ሲያኖር፣ ዲስክ ላይ የተቀመጠው ይመሰጠራል፤ በመስመር የሚያልፈውም እንዲሁ። ፕሮሰሰሩ እየሠራበት ያለው፣ በራም ላይ የተዘረጋው መረጃ ግን ለብዙ ዓመታት ራቁቱን ነበር። ቨርቹዋል ማሽኖቹን የሚያስተዳድረው ሰው ከፈለገ የራሙን ቅጂ ወስዶ በእርጋታ ማንበብ ይችላል። ምንም ነገር ሰብሮ መግባት አያስፈልገውም፤ ሥራው የሚሰጠው ሥልጣን ነው።

ምስጢራዊ ቨርቹዋል ማሽን የተፈጠረው ይህን ሁለተኛ ቁልፍ ከአከራዩ እጅ ለመውሰድ ነው። ኤኤምዲ ኤስኢቪ የተባለውን ቴክኖሎጂ እ.ኤ.አ. በ2017 በወጡት የኤፒክ ሰርቨር ፕሮሰሰሮች ጀመረ፤ ኤስኤንፒ የተባለው የጠነከረው ዓይነት ከ2021ዱ ትውልድ ጋር መጣ። ኢንቴልም ቲዲኤክስ የሚል የራሱ መልስ አለው። አሠራሩ ሲጠቀለል እንዲህ ነው፤ የእያንዳንዱ ማሽን ራም በየራሱ ቁልፍ ይመሰጠራል፣ ቁልፉም ለማንኛውም ሶፍትዌር አይታይም። አከራዩ ማሽኑን ያስነሳል፣ ያጠፋል፤ ውስጡን ግን ማየት የለበትም።

"የለበትም" እና "አይችልም" መካከል ያለውን ርቀት የሚለካው የሙከራ ማሽን ነው።

በአዲስ አበባ የምትሠራ አንዲት የሲስተም ባለሙያ ይህን ርቀት እንድትለካ ተመደበች። ድርጅቷ ለአንድ የብድርና ቁጠባ ተቋም ሶፍትዌር ያቀርባል፤ ተቋሙም የደንበኞቼ መረጃ በኪራይ ሰርቨር ላይ ሲቀመጥ ማን ያየዋል ብሎ ጠይቋል። ጥሩ ጥያቄ ነው። ብዙ ደንበኛ አይጠይቀውም።

መጀመሪያ የታሰበው ከውጭ መከራየት ነበር። አማዞን፣ ማይክሮሶፍትና ጉግል ምስጢራዊ ማሽን ያከራያሉ። ከሦስቱ አንዱም በኢትዮጵያ የመረጃ ማዕከል ክልል የለውም፤ በአፍሪካ ያሏቸው ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ናቸው። ባለሙያዋ ኪራዩን የተቃወመችው ግን በርቀቱ አይደለም። በኪራይ ማሽን ላይ የምትሆኚው ተከራይ ብቻ ነው። አከራዩ ከውጭ ምን እንደሚያይ ለማወቅ አከራይ መሆን ያስፈልጋል።

ስለዚህ ያገለገለ ኤፒክ ሰርቨር ተገዛ። ከሐምሌ 2016 የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ በዶላር የሚታሰብ ዕቃ በብር ከእጥፍ በላይ ሆኗል፤ ሒሳብ ክፍሉ ለምን ተራ ዴስክቶፕ አይበቃም ብሎ መጠየቁ አይገርምም። አይበቃም። ኤስኤንፒ የሚገኘው በሰርቨር ፕሮሰሰሮች ላይ ነው።

ሶፍትዌሩ ከጥቂት ዓመታት በፊት የነበረውን ያህል አያሰቃይም። ቀድሞ ከኤኤምዲ የተለየ የከርነል ቅጂ ወስዶ ራስን ችሎ መገንባት ግድ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2024 የወጡት ሊኑክስ ከርነል 6.11 እና ኪዩኢኤምዩ 9.1 ግን ድጋፉን በመደበኛነት ይዘው መጡ። የሚያስቸግረው ባዮሱ ነው። ቅንብሮቹ በተለያዩ ገጾች ተበታትነዋል፤ ዋናውን ማብራት ብቻውን አይበቃም። ፕሮሰሰሩ ለምስጢራዊ ማሽኖች የሚሰጠው የመለያ ቁጥር ውስን ነው፤ ባዮሱ ቁጥሮቹን በሙሉ ለአሮጌው ዓይነት ከሰጣቸው ለኤስኤንፒ የሚተርፍ አይኖርም። ባለሙያዋ ሁለት ቀን የፈጀችው በዚህች አንዲት መስመር ላይ ነው። ከራሙም የሚቀነስ አለ፤ እያንዳንዱ የ4 ኪሎባይት ገጽ የማን እንደሆነ የሚመዘገብበት ሠንጠረዥ ለአንድ ገጽ 16 ባይት ይወስዳል። 256 ጊጋባይት ባለው ሰርቨር ላይ አንድ ጊጋባይት ገደማ ማለት ነው።

በሦስተኛው ቀን ማሽኑ ተነሳ። የማስነሻ መዝገቡም የራም ምስጠራው እየሠራ መሆኑን ጻፈ።

"ይኸው ተነሳ አይደል እንዴ! ታዲያ ምን ቀረሽ?" አላት አለቃዋ።

"መነሳቱንማ ማንም ማሽን ይነሳል። መቆለፉን ገና አላየሁም" አለችው።

ብዙ የሙከራ ሥራ የሚቆመው እዚህ ላይ ነው። መዝገቡ ላይ "በርቷል" የሚል ቃል ታየ፣ የስክሪኑ ፎቶ ሪፖርት ውስጥ ገባ፣ ፋይሉ ተዘጋ። ይህ ግን አከራይዋ "ሁለተኛ ቁልፍ የለኝም" ስላሉ ብቻ አምኖ እንደመተኛት ነው።

ሁለት ማሽን አጠገብ ለአጠገብ አስነሳች፤ አንዱ ተራ፣ አንዱ ምስጢራዊ። በሁለቱም ላይ "ምስጢሬን ለማንም አልናገርም" የሚል ዓረፍተ ነገር ራም ውስጥ ይዞ የሚቀመጥ ትንሽ ፕሮግራም አኖረች። ከዚያ ወደ አከራይነቷ ተመልሳ የሁለቱንም ራም ቅጂ ወሰደችና ዓረፍተ ነገሩን ፈለገች። ተራው ማሽን ውስጥ ወዲያው ተገኘ። ምስጢራዊው ውስጥ አልተገኘም። ተራው ማሽን ለምን አስፈለገ ቢባል፣ እሱ ባይኖር "አልተገኘም" የሚለው መልስ መፈለጊያው ስለተበላሸ ይሁን በሩ ስለተቆለፈ መለየት አይቻልም ነበር።

በማግሥቱ ግን ዓረፍተ ነገሩ ምስጢራዊው ማሽን ውስጥም ተገኘ።

ምስጠራው አልተሰበረም ነበር። ፕሮግራሙ ዓረፍተ ነገሩን ወደ መዝገብ ፋይል መጻፍ ጀምሮ ኖሮ ነው። ምስጢራዊ ማሽን ከዲስክና ከኔትወርክ ጋር የሚነጋገረው ከአከራዩ ጋር በጋራ በሚያየው የራም ክፍል በኩል ነው፤ ወደዚያ የወጣ ነገር ሳይመሰጠር ከወጣ አከራዩ ያነበዋል። ቤቱ ተቆልፎ ደብዳቤው በረንዳ ላይ እንደተተወ ነው። ዲስኩ ከማሽኑ ውስጥ ሆኖ መመስጠር አለበት፣ የኔትወርክ ግንኙነቱም እንዲሁ። የሻጭ ብሮሹር ይህን በትልቅ ፊደል አይጽፈውም፤ የራስ ሰርቨር ላይ አከራይ ሆኖ የፈለገ ሰው ግን በሁለተኛው ቀን ያገኘዋል።

ዲስኩ ከተመሰጠረ ደግሞ ቁልፉን ለማሽኑ የሚሰጠው ማነው? ምስክርነት የሚባለው ነገር የሚመጣው እዚህ ነው። ማሽኑ ሲነሳ ፕሮሰሰሩ የተጫነውን ፈርምዌር አሻራ ይወስዳል፤ እንዲካተቱ ከተደረገም የከርነሉንና የማስነሻ ትዕዛዙን ይጨምራል። አሻራው 48 ባይት ነው። በሪፖርት ተጠቅልሎ በቺፑ ብቻ በሚገኝ ቁልፍ ይፈረማል፣ የፊርማው ሰርተፊኬትም እስከ ኤኤምዲ ድረስ ይያያዛል። ሌላ ቦታ የተቀመጠ የቁልፍ ሰርቨር ሪፖርቱን መርምሮ አሻራው የሚያውቀው ከሆነ ብቻ የዲስኩን ቁልፍ ይሰጣል።

ባለሙያዋ ለዚህ ሰርቨር የጻፈችው ሙከራ አብዛኛው እምቢ ማለቱን የሚፈትን ነበር። የማስነሻ ትዕዛዙ ላይ አንዲት ቃል ቀየረች፤ ቁልፍ ተከለከለች። የትናንቱን ሪፖርት ዛሬ መልሳ ላከች፤ የቁልፍ ሰርቨሩ በየጊዜው አዲስ የዘፈቀደ ቁጥር ሪፖርቱ ውስጥ እንዲገባ ስለሚጠይቅ አሁንም ተከለከለች። ሦስተኛው ሙከራ ላይ ግን ሰጣት። ማሽኑ አከራዩ ራሙን ፈትቶ እንዲያይ በሚፈቅድ የማረሚያ ፈቃድ ተነስቶ ነበር። በሙከራ ጊዜ ስህተት ለመፈለግ ሲባል ይህ ፈቃድ ይከፈታል፤ ሪፖርቱም መከፈቱን በግልጽ ይናገራል። የቁልፍ ሰርቨሩ ግን አሻራውን እንጂ ፈቃዱን አያይም ነበር። ፊርማው ትክክል፣ አሻራው ትክክል፣ በሩ ክፍት። ያ ቅንብር እንዳለ ወደ ዋናው ሥራ ቢሻገር ኖሮ፣ ተቋሙ በሕጋዊ ማኅተም የተረጋገጠ ክፍት ቤት ይረከብ ነበር።

ይህ የአንድ ድርጅት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ፋይዳ የአሥር ጣት አሻራ፣ የዓይን አይሪስና የፊት ምስል ይሰበስባል። የይለፍ ቃል ቢወጣ ይቀየራል፤ ዓይን አይቀየርም። አገሪቱ የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ 1284/2015 እና የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ 1321/2016 አሏት፤ ክርክሩ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚሽከረከረው ሰርቨሩ የት አገር ተቀመጠ በሚለው ላይ ነው። ሰርቨሩን አዲስ አበባ ማስቀመጥ አከራዩን በአገር ሕግ ሥር ያደርገዋል፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሁለተኛውን ቁልፍ ግን አያጠፋውም። የጨረታ ሰነድ ላይ "መረጃው የተመሰጠረ ይሁን" ተብሎ ይጻፋል። "ሥራ ላይ እያለ ራሙን ማን ያነባል? እምቢ ማለቱን ማን ሞከረ? ሙከራውን እኛ መድገም እንችላለን?" የሚሉት ጥያቄዎችም እዚያው ሰነድ ውስጥ መግባት አለባቸው።

ቴክኖሎጂው ራሱም የመጨረሻ መልስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2024 የአውሮፓ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 10 ዶላር ገደማ በሚያወጣ መሣሪያ የራም ካርዱ ስለ መጠኑ እንዲዋሽ አድርገው የኤስኤንፒን ምስክርነት ማታለል እንደሚቻል አሳዩ፤ ጥቃቱን ባድራም አሉት። ኤኤምዲ በፈርምዌር ማሻሻያ መልስ ሰጠ። በ2025 ደግሞ ራሙና ሰሌዳው መካከል በሚገባ ከ50 ዶላር በታች በሚሠራ መሣሪያ ሌላ ጥቃት ታየ፤ ሰርቨሩን በእጁ ከሚነካ ሰው እንከላከላለን አላልንም የሚለው የአምራቾቹ መልስ ነበር። አከራዩ ሰርቨሩን በእጁ የሚነካ ሰው መሆኑን ልብ ይሏል።

ባለሙያዋ ከባድራም በኋላ በቁልፍ ሰርቨሩ ላይ ተቀባይነት ያለውን ዝቅተኛ የፈርምዌር ደረጃ ከፍ አደረገችው። በኋላ የተገዛው ሁለተኛ ሰርቨር የባዮስ ማሻሻያው ገና አልመጣለትም ነበርና ወዲያው ቁልፍ ተከለከለ። ለደንበኛው ማሳያ የቀረው አንድ ቀን ነው።

"ለነገ ብቻ ዝቅ አድርጊው" አለ አለቃዋ።

"ዝቅ ካልኩትማ ነገ የምናሳያቸው ምኑን ነው?"

ማሳያው በአንዱ ሰርቨር ብቻ ተደረገ። ከደንበኛው የመጡት ሰዎች ከማሳያው ይልቅ ረጅም ጊዜ የቆዩት የተከለከለው ሰርቨር ስክሪን ፊት ነበር፤ አንዷ ቀይ መስመሩን እያመለከተች ይህን እኛም ቢሯችን ሆነን ማየት እንችላለን ወይ ብላ ጠየቀች።