የፖስታ ቤቱ ዳንሰኛ

አንባቢ ሆይ፤ በሠርግ ቤት ሙዚቃው ሲሞቅ ወንበርህን የሙጥኝ ብለህ ታውቃለህን? የእኔ ነገር እንዲህ ነው፤ አለቃዬ ያየኛል ስል እግሬ ይታሰራል። ስለ ፍራንኪ ማኒንግ ያነበብሁ ዕለት ግን አፈርሁ።

በኒውዮርክ በጥቁሮች ሰፈር በሃርለም፣ በ1926 (በአውሮፓ አቈጣጠር ነው) ሳቮይ የሚባል የዳንስ አዳራሽ ተከፈተ። ሁለት የሙዚቃ መድረክ ነበረው፤ አንዱ ኦርኬስትራ ሲያበቃ ሌላው ይቀበላል፤ የስዊንጉ ጨዋታ አይቋረጥም። ሌላው ቤት ሰውን በቀለም ሲለይ፣ በዚያ ነጭና ጥቁር ባንድ ወለል ላይ ይደንስ ነበር። ሰው የሚመዘነው በእግሩ ነዋ! ማኒንግ በ1935 በውድድር ላይ አብራው የምትደንሰውን ልጅ በጀርባው አሳልፎ ከፊቱ በእግሯ አቆማት። ሊንዲ ሆፕ የተባለው ዳንስ ከዚያ ወዲያ አየር ላይ ወጣ።

ኋላ የሙዚቃው ፋሽን ተለወጠ፤ አዳራሹም በ1958 ተዘጋ። ማኒንግ በፖስታ ቤት ተቀጥሮ ከ30 ዓመት በላይ አገለገለ፤ እንደኔና እንዳንተ መሆኑ ነው። በ1980ዎቹ ወጣቶች ፈልገው አገኙትና «አስተምረን» አሉት። ሰባ ዓመት ካለፈው በኋላ አገር ላገር እየዞረ አስተማረ፤ በ2009 እስኪሞት ድረስ።

በሚመጣው እሑድ የአጎቴ ልጅ ይዳራል። አለቃዬም ተጠርተዋል። ጫማዬን ለሊስትሮ ሰጥቻለሁ።